ሥዕሉ ምን በደለ?

ሰው የጎደለውን ነገር በቃል ገልጾ ለማስረዳት ዕድሜና ዕውቀት ያስፈልገዋል። ሕፃን ግን ይህ ችሎታ ገና ስለሌለው የጎደለውን የሚያስታውቀው በሚወደው ነገር ነው። የራበው ልጅ ዓይኑን ከመሶቡ ላይ አያነሣም፤ የበረደው ልጅ ወደ ምድጃው ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ልጅ አንድን ነገር አጥብቆ ሲወድ ባየን ጊዜ፣ ያን ነገር ከመስደባችን በፊት «ይህ ልጅ ምን ጎድሎት ይሆን?» ብለን መመርመር የታላቅነታችን ግዴታ ነው።

ዳሩ ግን እኛ ሽማግሌዎች የምናደርገው ይህን አይደለም። በሰርግ ቤት ቢሆን፣ በለቅሶ ድንኳን ቢሆን፣ በዕድር ስብሰባ ቢሆን፣ ጨዋታው ወደ ልጆች አስተዳደግ ባዘነበለ ቁጥር የምንደጋግመው አንድ ክስ አለ፤ ይኸውም «ልጆቻችንን ያበላሸብን ካርቱን ነው» የሚል ነው። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁላችንም ተስማምተን ወደየቤታችን እንገባለን። እኔም ከከሳሾቹ መካከል ድምፄ ከፍ ብሎ የሚሰማ ነበርሁ። ዛሬ ግን ክሱ በሐሰት የቀረበ፣ እውነተኛው ጥፋተኛም ሌላ መሆኑን ለመመስከር ብዕሬን አንሥቻለሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ምስክርነቴን ስማኝ፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ ያንተ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ለገና በዓል ልጄ ባለቤቱንና የአምስት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ጋይንት፣ እኔ ጡረታ ወጥቼ ወደምኖርበት ወደ ቤተ ልሔም አካባቢ መጣ። ሕፃኒቱን ካየኋት ሁለት ዓመት አልፎኝ ስለ ነበር ምን እንደምላትና ምን እንደማሳያት ሳስብ ነው የሰነበትሁት። እርስዋ ግን ገና የደጃፋችንን ድንጋይ ሳትረግጥ «ስልኩ የት አለ?» ማለት ጀመረች። አባቷ አስቀድሞ በስልኩ ላይ ጭኖ ያመጣው የካርቱን ፊልም ኖሮ፣ ስልኩን ሰጣትና ዝም አለች። ማታ ገበታ ቀርቦ እናቷ ስታጎርሳት አፏን ትከፍታለች እንጂ ዓይኗን ከስልኩ አትነቅልም። የምትበላው ዶሮ ይሁን ሽሮ የምታውቅ አይመስለኝም ነበር።

ትዕግሥቴ አለቀ። «ለመሆኑ ይህን ያህል የምታየው ምንድን ነው?» ብዬ ልጄን ጠየቅሁት። ብሉዊ የሚባል ፊልም መሆኑን ነገረኝ። እኔ ብሉይና ሐዲስ እንደሚባለው «ብሉይ» ያለኝ መስሎኝ በጥቂቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን የውሾች ታሪክ መሆኑን ሲያስረዳኝ ደሜ ፈላ። «እኛ ልጅ ሰው እንዲሆን ብለን ስንደክም ኖርን፤ እናንተ ደግሞ የውሻ ደቀ መዝሙር አደረጋችሁት!» አልሁ። ልጄ አንገቱን ደፋ። ሕፃኒቱ ግን ቁጣዬ ጨዋታ መስሏት በመደቡ ላይ ጠጋ አለችልኝና አጠገቧ ያለውን ስፍራ በእጇ መታ መታ አድርጋ እንድቀመጥ ጠራችኝ። የአምስት ዓመት ልጅ ስትጠራው እንቢ የሚል አያት በጋይንት ምድር ያለ አይመስለኝም፤ ተቀመጥሁ።

ያየሁትን ልንገርህ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን የተጀመረ ሲሆን፣ የደረሰው ጆ ብረም የተባለ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነው። ታሪኩ በብሪዝበን ከተማ አምሳል በተሣለ ሠፈር የሚኖር የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ ነው፤ አባት፣ እናት፣ የስድስት ዓመቷ ብሉዊና የአራት ዓመቷ ታናሽ እኅቷ ቢንጎ። ክፍሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃሉ። እኔ ጦርነትና ጭራቅ፣ ጩኸትና ደም ስጠብቅ ያገኘሁት ተራ የቤት ኑሮ ነው። በአንዱ ክፍል ብሉዊ ጥርሷ ወልቆ ያገኘችውን አምስት ዶላር ይዛ ገበያ ትወጣለች፤ በእኛ ዘንድ የወለቀ ጥርስ ወደ ጣራ ይወረወራል፣ በእነርሱ ዘንድ ግን ገንዘብ ያስገኛል። በሌላው ክፍል አባት ከሁለቱ ልጆቹ ጋር በምግብ ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ የተረሳ ምግብ እስኪወጣለት አምስት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ታሪኩ በሙሉ ይኸው ነው። በሌላው ደግሞ ልጆቹን ወደ ወንዝ ይወስዳቸዋል፤ ብሉዊም በመጀመሪያ ስፍራውን ፈርታ ኋላ ውበቱን ታያለች።

ገበያ መሄድ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ወንዝ መውረድ! በዓለም ያሉ ሕፃናት ይህን ነው አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ በኢንተርኔት ከታዩት ተከታታይ ፊልሞች ሁሉ ብዙ ደቂቃ የታየው ይኸው የውሾች ቤተ ሰብ ነበር። አውሮፕላንና ባቡር፣ መጫወቻና ጣፋጭ የሞላላቸው ልጆች አንድ አባት ልጆቹን ገበያ ሲወስድ ለማየት ይህን ያህል ከጓጉ፣ የጎደላቸው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ ክርክሬ ይህ ነው። የልጅ ልጄ የወደደችው ውሻውን አይደለም፤ ከልጆቹ ጋር ከቤት የሚወጣውን አባት ነው። እኛም በካርቱኑ ላይ የምናወርደው ስድብ፣ መልካችን አላምር ሲለን መስታወቱን እንደ መስበር ያለ ነው።

«ውሻ እንዴት ለሰው ልጅ አርአያ ይሆናል?» ለሚለኝ ሰው መልሱ ቅርብ ነው። ለመሆኑ አንተ ከአያትህ ጭን ላይ ሆነህ የሰማኸው ተረት የማን ነበር? ጦጣ ስትማከር፣ ጅብ ሲያታልል፣ አንበሳ ሲፈርድ፣ አህያ ስትከራከር አልነበረምን? አባቶቻችን የሰውን ጠባይ ለልጅ ለማስረዳት እንስሳትን ሲያናግሩ ነውር ያልሆነው፣ የአውስትራሊያ ሠዓሊ ውሻ ሲያናግር ነውር የሚሆንበትን ምክንያት እስካሁን ማንም አላስረዳኝም።

በማግሥቱ የሆነውን ልጨምርልህ። የገበያ ቀን ነበር። ሕፃኒቱ ጠዋት ተነሥታ «አባባ፣ እኛም ገበያ!» አለች። አሥር ብር ሰጠኋት፤ ልክ እንደ ብሉዊ በጭብጧ ጨብጣ ያዘች። ስልኩ መደብ ላይ ቀረ። በመንገድ ላይ «ይሄ ምንድን ነው?» ያላለችው ነገር አልነበረም፤ ሰፌዱን፣ እንስራውን፣ ጌሾውን፣ ተልባውን፣ የተከመረውን ድንች፣ ጭነት የወረደለትን አህያ። ለአንዳንዱ ነገር በእንግሊዝኛ ስም ታውቅለታለች፤ በአማርኛ ግን አታውቅለትም። ያን ዕለት ሁሉንም በአማርኛ ተማረች። አሥር ብሯን ይዛ ብዙ ካመነታች በኋላ ቆሎ ገዛችበት፤ ሻጪቱም ሕፃን መሆኗን አይተው መረቁላት። «ለምን ጨመሩልኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምርቃት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቆሎውንም በመንገድ ያገኘናት ልጅ ሁሉ ተካፈለችው።

ማታ ይህን ሁሉ በደስታ ለልጄ ስነግረው ፈገግ አለና፣ «አባባ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ ገበያ ወስደውኝ ያውቃሉ?» አለኝ። በቁጣ አልተናገረም፤ በቁጣ ተናግሮ ቢሆን መልስ ባገኘሁ ነበር።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። የሰው ልጆችን በመስመር አሰልፌ ዕፅዋት ለማሳየት ወደ ሜዳ ወስጃለሁ፤ የራሴን ልጅ ግን አንድ ቀን እጁን ይዤ ለመዝናናት ብቻ ከቤት አልወጣሁም። «ደብተር አርማለሁ»፣ «ስብሰባ አለብኝ»፣ «ዝም ብለህ አጥና» ስል ዐደገብኝ። በእኔ ጊዜ ስልክ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ እኔም አስይዤው ደብተሬን አርም ነበር። ልጄ ዛሬ ለልጁ የሚያደርገውን የተማረው ከካርቱን አይደለም፤ ከእኔ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ነገር ግን ራሱን የማይከስ ከሳሽ ሊታመን አይገባውም።

አሁን ወደ ሁለቱ ተከራካሪዎች ልመለስ። አንደኛው «ካርቱን ፈጽሞ ይከልከል» ባይ ነው። ለዚህ ሰው እንዲህ እለዋለሁ፦ ሥዕልን ማሳየት በራሱ ጥፋት አይደለም። እኔ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሪያችን አልፎ አልፎ ማታ ነጭ አቡጀዲ በግድግዳ ላይ ወጥረው በመብራት ሥዕል ያሳዩን ነበር። የባሕርን ማዕበል መጀመሪያ ያየሁት በዚያ አቡጀዲ ላይ ነው። ነገር ግን መብራቱ ከጠፋ በኋላ አስተማሪው ወደ መኝታችን አይሰዱንም ነበር፤ «ምን አያችሁ? ከእኛ ሀገር ምን ይመስላል?» እያሉ ይጠይቁናል፤ በማግሥቱም ወደ ወንዝ ይዘውን ይወርዳሉ። ሥዕሉ የትምህርቱ መጀመሪያ ነበር እንጂ መጨረሻው አልነበረም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ዘመን አንሥተው ከአርባ ዓመት በላይ የልጆችን ጊዜ ሲመሩ፣ ሣጥኑ ያሳየው የነበረው በልጆች መካከል ተቀምጦ ተረት የሚነግር አያት ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሀገር ያለቀሰው ለሣጥኑ አልነበረም።

ደግሞም ይህ ዓይነት ሥራ በገዛ ቋንቋችን ሊሠራ መቻሉ ታይቷል። በአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ዝግጅት ፈጠሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ ጀመር። ፀሐይ መጠየቅ የምትወድ ቀጭኔ ናት፤ በመጀመሪያ የታየችውም በእጅ በሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነው። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጤና፣ ስለ ፊደል በአማርኛ ለሕፃናት ተናገረች። መምህርቷም ለዚህ ጥረታቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ሮሌክስ ለወጣቶች የሚሰጠውን ሽልማት ተሸልመዋል። እንግዲህ «ይከልከል» እያለ የሚጮኸው ሰው የጩኸቱን ሩብ ያህል እንዲህ ያለውን ሥራ በመደገፍ ቢያውለው ኖሮ፣ የልጅ ልጄ ድንችን በእንግሊዝኛ ብቻ ባላወቀችው ነበር።

ሁለተኛው ተከራካሪ ደግሞ ዝም ባዩ ነው። ይህ ሰው አይከራከርም፤ ስልኩን ለልጁ ይሰጥና ጸጥታን ይገዛል። እኔ ከከልካዩ ይልቅ ይህን እፈራዋለሁ፤ ከልካዩ ቢያንስ ስለ ልጁ ይጨነቃልና። ዝም ባዩ «ልጄ ጨዋ ናት፤ አታስቸግርም» ይላል። ወንድሜ ሆይ፣ የማያስቸግር ልጅ የምትጠይቀው ሰው ያጣች ልጅ ልትሆን እንደምትችል አስበህ ታውቃለህ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በስልክም ሆነ በቴሌቪዥን ፊት ባይቀመጥ እንደሚሻል፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ መሆኑን መክሯል። ልጁ በሚቀመጥበት ጊዜም ከአሳዳጊው ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቢነበብለትና ተረት ቢነገረው እንደሚበጅ ያው መመሪያ ይናገራል። የቁጥሩ ምሥጢር ግልጽ ነው፤ ልጅ ቋንቋን የሚማረው ከሚመልስለት ፊት ነው። ሥዕሉ ይናገራል እንጂ አይመልስም።

ይህን ለማስረዳት ከቤተ ልሔም የሚበልጥ ምሳሌ የለኝም። ከየአውራጃው ድጓ የተማሩ ደቀ መዛሙርት ለማስመስከር የሚመጡት ወደዚህች ደብር ነው። ድጓው በብራና ላይ ተጽፏል፤ የዜማው ምልክትም ከፊደሉ በላይ ተቀምጧል። ሁሉም ነገር ከተጻፈ ተማሪው ብራናውን ይዞ ዋሻ ቢገባ ባልበቃው ነበርን? አይበቃውም። በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ያዜማል፤ ሲሳሳት መምህሩ ያርሙታል፤ ደግሞ ያዜማል፤ ዓመታትም ያልፋሉ። ምልክቱ ያለ መምህር ድምፅ እንደማይሆን ሁሉ፣ ሥዕሉም ያለ ወላጅ ትምህርት አይሆንም። ይህን በቤተ ልሔም ጥላ ሥር የምንኖር ሰዎች መርሳታችን ይደንቀኛል።

«ጊዜ የለኝም» የሚል ሰው ቢነሣ፣ ክፍሉ ሰባት ደቂቃ ነው እለዋለሁ። ሰባት ደቂቃ ከልጅህ ጋር ተቀምጠህ እይ፤ ሌላ ሰባት ደቂቃ ደግሞ ያያችሁትን ደጅ ወጥታችሁ ሥሩት። «ገንዘብ የለኝም» የሚል ቢነሣ፣ ሽርሽር ማለት ሆቴል ገብቶ ኬክ መብላት ብቻ የመሰለው ሰው ተሳስቷል እለዋለሁ። ገበያ፣ ምንጭ፣ ወፍጮ ቤት፣ የታመመ ጎረቤት ጥየቃ፣ የዘመድ ሰርግ፣ ይህ ሁሉ ለሕፃን ሽርሽር ነው።

ነገር ግን «በድሮ ዘመን ሁሉ ነገር ደኅና ነበር» ብዬ ልሸነግልህ አልፈልግም። በድሮ ዘመን እኛ ከቤት እንወጣ ነበር፤ ዳሩ ግን የምንወጣው ከብት ለመጠበቅና እንጨት ለመልቀም ነው፤ እኅቶቻችንም በጀርባቸው እንስራ አዝለው ውኃ ለመቅዳት። አባቶቻችን ከእኛ ጋር ሠሩ እንጂ ከእኛ ጋር እምብዛም አልተጫወቱም። ስለዚህ የምለምንህ ወደ ድሮ እንድትመለስ አይደለም፤ እኛ ያላደረግነውን እንድታደርግ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን ቀላል መልስ የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መንገድም አላስተማምን አለ፤ የኢንተርኔት መስመርም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። «ልጄን ይዤ የት ልውጣ?» የሚለኝን አባት አልገሥጸውም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ እስከ አውድማው ድረስ ውጣ፤ እርሱም ካልተቻለ እስከ አጥሩ ድረስ፤ እርሱም ካልተቻለ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጣችሁ «ገበያ ገበያ» ተጫወቱ፤ አንተ ሻጭ ሁን፣ እርስዋ ትግዛህ። የውሻው አባት አብዛኛውን ጨዋታውን የሚጫወተው በቤቱ ውስጥ ነው።

የልጅ ልጄ ከዚያ ገና ወዲህ ተመልሳ አልመጣችም። ያ ገበያ እስካሁን ከእርስዋ ጋር የወጣሁበት የመጀመሪያውና ብቸኛው ቀን ነው። መስመሩ በሚሠራበት ጊዜ አባቷ ይደውልልኛል፤ እርስዋም ስልኩን ተቀብላ አዲስ ያየችውን ክፍል ታወራልኛለች፤ እኔም አልቆጣም፤ እጠይቃታለሁ። ባለፈው ጊዜ ስትጨርስ፣ ከአባቷ ጋር ሾላ ገበያ ሄደው ቆሎ መግዛታቸውንና ሻጪቱ ምርቃት አልጨምርም ማለታቸውን በታላቅ ቅሬታ ነገረችኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዲት ቃል ብቻ ይዤ ቀረሁ፤ «ከአባዬ ጋር» የምትለዋን።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንተ ዛሬ የታናናሾችህ ታላቅ ነህ፤ ነገ ደግሞ አባት ወይም እናት ትሆናለህ። ሕፃን የሚወደውን ሥዕል ይዞ ወደ አንተ በመጣ ጊዜ አትቆጣው፤ ስልኩንም ሰጥተኸው አትሽሽ። አጠገቡ ተቀመጥ፤ ምን እንደ ወደደ ጠይቀው፤ ከዚያም ጫማህን አጥልቀህ እጁን ያዝና አብራችሁ ውጡ። እኔ ይህን ያወቅሁት ልጄ ካደገ በኋላ ነው፤ አንተ ግን ገና ጊዜ አለህ።